በእንባ የሚለካ ሚኒሞ

ላማር ሆስቴተር የሞተር ሚኒሞ፣ መኪና ቆሞ ሳለ ሞተሩ የሚዞርበትን ልክ፣ የሚያስተካክለው በዓይኑ ነበር። በማየት እንዳይመስላችሁ፤ በማልቀስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሸክላ አፈር ሜዳ ላይ የሚሽቀዳደሙት መኪኖች የሚጠጡት ሜታኖል ነው። ሜታኖል በደንብ ሳይነድ በጭስ ማውጫው ሾልኮ ከወጣ ዓይን ይለበልባል፤ ከቀይ ሽንኩርት ይብሳል። ታዲያ ላማር ሞተሩን ያስነሳና መኪናዋ ቆማ እያጉረመረመች ሳለ ከጭስ ማውጫው ጀርባ ሄዶ ይገተራል። ነዳጅ መጣኙ ላይ ጣት የማታህል፣ ባለ ስድስት ጎን ዘንግ አለች። በትንሽ መፍቻ አንድ ጎን ወዲህ ቢያዞሯት በሚኒሞ ላይ ነዳጅ ትጨምራለች፤ አንድ ጎን ወዲያ ቢያዞሯት ትቀንሳለች። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ፤ ፖምፓና ቧንቧ ብቻ። ላማር ከዘንጓ ወደ ጭሱ፣ ከጭሱ ወደ ዘንጓ እየተመላለሰ ነዳጅ ይጨምራል፣ ይጨምራል፤ ከቀኝ ዓይኑ አንዲት ዘለላ እንባ ዱብ ስትል አንድ ጎን ይመልስና «በቃች» ይላል። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ዋንጫ የሰበሰበው በዚህች ዘዴ ነው። በሼድ ክሪክ ሸለቆ ስለ ሞተር የሚያወራ ሰው ሁሉ የላማርን እንባ ያውቃታል።

ችግሩ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንባዋ መዘግየት አመጣች። ላማር ጥፋቱን የደፈደፈው በሜታኖሉ ላይ ነው። «የዘንድሮ ሜታኖል ውሃ ነው» ይላል። «ድሮ እኮ ገና ክዳኑን ስትከፍተው ያስለቅስህ ነበር።» እንባዋ ስትዘገይ እሱ ነዳጅ ይጨምራል፤ የባሰ ስትዘገይ የባሰ ይጨምራል። በዙሪያው ያለው ሰው ግን ይነፋረቃል። አጠገቡ የሚያቆሙት መካኒኮች ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ይሮጣሉ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የዶሮና የበቆሎ ሾርባ የሚሸጡበትን ድንኳን ነቅለው ከባዛሩ የበግ ጋጣ አጠገብ ተከሉት፤ የበግ ሽታ ይሻለናል ብለው። ላማር ይህን ሁሉ እያየ «የዛሬ ሰው ለስላሳ ነው» ከማለት በቀር ነገሬ አላለውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የላማር ዓይንም እንደዚያው ሆነችበት።

እነዚህ መኪኖች በቁልፍ አይነሱም። ፒክአፕ ከኋላ እየገፋ በስፒንታ ነው የሚያስነሳቸው። ሜዳው ላይ ግጭት ሆኖ ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ ሁሉም ቀስ ብሎ ይዞራል፤ በዚያ መሀል ሞተሩ የጠፋበት ተገፍቶ ከተነሳ በኋላ ከሁሉ ኋላ ይሰለፋል። የላማር መኪና በየቢጫው ነዳጅ በዝቶባት ትታፈንና እንደ ሽማግሌ ሁለቴ አስላ ትጠፋለች። ነጂዋ ልጁ ትዊላ ናት። ከፊት ተሰልፋ ጀምራ በአንድ ቢጫ ባንዲራ ጅራት ሆና መጨረስ ከሰለቻት ሁለት የውድድር ዘመን ሆኗታል።

ለዚህ ነው አርብ ዕለት ራት ላይ ሹካዋን አስቀምጣ፣

«አባዬ፣ ጋሽ መርል ለሚመጣው ዓመት ንጂልኝ ብለውኛል» ያለችው።

መርል ሻንክ የላማር የዕድሜ ልክ ባላጋራ ነው፤ ባላጋራ ስል ደግሞ በየሳምንቱ አብሮት ኬክ የሚበላ ባላጋራ ማለቴ ነው። የመርል ነጂ ድዋይት ወገቡን ታሞ ዘንድሮ ያቆማል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሞተር የገዙት ከአንድ ሞተር ሠሪ ነው፤ ሁለቱ ሞተሮች መንታ ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የመርል አይጠፋም።

«ምን አልሽው ታዲያ?» አለ ላማር።

«እሁድ ከባዛሩ ውድድር በኋላ መልሴን እነግርዎታለሁ አልኳቸው።»

«በአንድ ሚኒሞ ምክንያት?»

«በሚኒሞ ብቻ አይደለም» አለችና ሳህኑን አንስታ ወደ ማጠቢያው ሄደች።

በምን እንደሆነ አልጠየቃትም። እናቷ ዶቲ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ያልተጠየቀ ነገር ብዙ ነበር። ላማር የቀዘቀዘ ድንቹን እያየ ቁጭ አለ። ዋንጫ ቢቀርበት ይቀር ነበር፤ ሰው የሚያወራውን ቢያወራ ግድ አልነበረውም። ልጁ ግን የመርልን ሸሚዝ ለብሳ፣ እሱ አጥር ተደግፎ ሲያያት ታየው። ፈራ። ሲፈራ ደግሞ እንደሌላው ሰው አይጸልይም፤ ተንኮል ያስባል።

እሁድ ጠዋት፣ ባዛሩ ላይ ሰው ገና ላሞቹንና ዱባዎቹን እያየ ሲዞር፣ ላማር ኢርቪንን ወደ መኪናው ጀርባ ጠራው። ኢርቪን የሟች ሚስቱ ወንድም ነው፤ ጎማ ይቀይርለታል፤ ወሬ ግን ለሁሉም ሰው ያደርሳል።

«ኢርቪን፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ከዚህ እንዳትወጣ።»

«እኔ? እኔ እኮ መቃብር ነኝ።»

ኢርቪን መቃብር ከሆነ ትንሣኤ በየቀኑ ነው።

«ያገኘሁትን ልንገርህ» አለ ላማር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሞተር ሠሪው ዘንጓ ላይ የቀባት ቀይ ምልክት አለች አይደል? ሁላችንም ከእሷ አንወርድም። እኔ ዛሬ ከቀዩ ሁለት ጎን ቀንሻለሁ። ሚኒሞው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሆነ።»

ዓይኑን በጨው የታጠበ ውሸት ነበር። የላማር ዘንግ ከቀዩ አራት ጎን ጨምራ ነው የቆመችው። ከቀዩ በታች ሁለት ጎን የወረደ ሞተር፣ በላማር ስሌት፣ ነዳጅ አንሶት እየጮኸ አልወርድም ይላል፤ ነጂው እግሩን ቢያነሳም መኪናው አይሰማውም፣ ኩርባው ላይ ሰፊውን ዞሮ አጥር አጥሩን ይሄዳል። ማንም አይሞትም፤ መርል ግን ያፍራል፤ ትዊላም የመርል ሞተር የማይጠፋ ቢሆን እንኳ የማይታዘዝ መሆኑን ታያለች። ይህ ነበር ሒሳቡ። ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚለውን ተረት ላማር ሰምቶት አያውቅም፤ ቢሰማም በአካፋ ነበር የሚመልሰው።

ኢርቪን «እግዜር ያሳይህ፣ አፌ ተሰፍቷል» ብሎ ሄደ። ላማር ከጎማዎቹ ክምር ጀርባ ሆኖ አየው። ቀጥ ብሎ ወደ መርል ነው የሄደው፤ መንገድ ላይ ለድንች ሻጯም ሳይነግራት አልቀረም።

ከሰዓት በፊት ሙቀቱ በረታ። ሸለቆው በወበቅ ታፈነ፣ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። ላማር ለማጣሪያው ሚኒሞውን ለማስተካከል ከጭሱ ጀርባ ቆመ። እንባ የለም። አንድ ጎን ጨመረ። የለም። ደግሞ ጨመረ። የጎረቤቱ መካኒክ «ኧረ በናትህ ላማር፣ ልጆች አሉኝ» እያለ በመሀረብ ዓይኑን ይዞ ሮጠ። አንድ ቄስ ለቡራኬ መጥተው ፊታቸው በእንባ ታጥቦ ተመለሱ፤ ያየ ሁሉ ስብከቱ ነክቷቸው መሰለው። በመጨረሻ የላማር ቀኝ ዓይን በግድ አንዲት ጤዛ አወጣች። አንድ ጎን መለሰና «በቃች» አለ።

ማጣሪያው ተጀመረ። የላማር ዓይን ያለው በትዊላ ላይ ሳይሆን በመርል መኪና ላይ ነበር፤ አልታዘዝ ስትል ሊያይ። ድዋይት ወደ ኩርባው ገባ፣ እግሩን አነሳ፣ ሞተሩ ዝቅ አለ። ሲወጣ ረገጠ፣ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። እንደ ሰለጠነ ፈረስ። ቢጫ ባንዲራ ወጣ። የመርል ሞተር ዱክ ዱክ ዱክ እያለ ሲዞር፣ የልብስ ስፌት መኪና ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ። የትዊላ ሞተር ሁለቴ አሳለና ጠፋ።

ላማር አጥሩን ጨብጦ ቀረ። አጠገቡ የቆመው ኢርቪን ጥያቄ ነበረው።

«እኛ ሁለት ጎን ቀንሰን አልነበር እንዴ? ለምን ጠፋ?»

«ዝም በል።»

«ማለቴ፣ ለመርል እንደዚያ ነው የነገርኩት... ማለቴ፣ ብነግረው ኖሮ።»

የላማር ውሸት የመርልን መኪና እየነዳች፣ እውነቱ የልጁን እያስገፋች ነበር። ትዊላ ከጅራት ተነስታ ለዋናው ውድድር በመጨረሻዋ ቦታ አለፈች። የራስ ቁሯን አውልቃ በአጠገቡ ስታልፍ ቀና ብላም አላየችው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ የገዛ ውሸቱን መልሶ መስረቅ። መርል እውነት ሁለት ጎን ቀንሶ እንደሆነ በዓይኑ ማየት አለበት። መርል ኬክ ሊገዛ ሲሄድ ጠብቆ ወደ መኪናው ተጠጋ፣ ጫማውን የሚያስር ሰው መስሎ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ አንገቱን ወደ ሞተሩ አሰገገ።

«ግራ እጅህን ካሳረፍክባት ትንሽ ዝቅ በል፤ እዚያ ናት ያለችው» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ።

መርል ነበር። የወረቀት ሳህን ላይ የፖም ኬክ ይዞ፣ አፉን ሞልቶ።

ላማር ቀና አለ። ምን ይበል? «ጫማዬን...» ብሎ ጀመረና የለበሰው ክር የሌለው ቦቲ መሆኑን አይቶ ተወው።

«ከቀዩ ሁለት ጎን በታች» አለ መርል። «ኢርቪን እንደነገረኝ። ለማንም እንዳትናገር ብለኸው እንደነበርም ጨምሮ ነግሮኛል።»

«ወጥመድ መሆኑ ጠፋህ?»

«እንዴት ይጠፋኛል? ካንተ ጋር አንድ ክፍል ተምሬ! ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ላማር ሲዋሽ ወዴት ይዋሻል? እሱ ከሚሠራው ወደ ተቃራኒው። እሱ የሚሠራው ምንድን ነው? ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተር ያንቃል። በዚህ ላይ ዛሬ ወበቅ ነው፣ አየሩ ራሱ የሳሳ ነው፣ ሞተር ብዙ አይጠጣም። እና ውሸትህን ወሰድኳት። ላማር ወዳጄ፣ ሰው አይስማብን እንጂ ውሸትህ ከእውነትህ ይሻላል።»

ላማር ከመናደዱ የተነሳ ሳቁ መጣ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ደግሞ ከፋው። የመኪናዋ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ የሠራሁት እንደ ሁልጊዜው ነው። እስካለቅስ ጠብቄ።»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ» አለ መርል፣ አሁን የጎረሰውን ውጦ። «ሁላችን ስናለቅስ አንተ ደረቅ ነህ። ቄሱ እንኳ አለቀሱ። ሜታኖሉ ምንም አልሆነም፤ የኔና ያንተ ከአንድ በርሜል ነው የሚቀዳው። ዓይንህ ነው ያለቀው። ዕድሜ ልኩን ጭስ ስር የተገተረ ዓይን ምን እንዲሆንልህ ትፈልጋለህ? ወንድሜም እንደዚሁ ሆኖ ሐኪም ጠብታ አዘዘለት። እንባ የለውም። ሽንት ቤት ተቀምጦ መጽሐፍ ሲያነብ እንኳ ዓይኑን በእጁ ነው የሚጨፍነው።»

ላማር «ከመቼ ጀምሮ?» አለ፤ የጠየቀው ግን መርልን አልነበረም። ዶቲ የተቀበረችበት ቀን ትዝ አለው። ኢርቪን እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ፣ ትዊላ አፈሩ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ፣ እሱ ደረቅ እንጨት ሆኖ ቆሞ ነበር። አንዲት ዘለላ አልወረደችውም። ሰው ሁሉ አየው። ማንም ምንም አላለም፤ የዚያ አገር ሰው ምንም ባለማለት የሚታወቅ ነው። እሱ ራሱ ግን ፈርዶ ጨርሶ ነበር፤ ልቤ ድንጋይ ነው ብሎ፣ ያንን ፍርድ ለሰው ሳያሳይ ተሸክሞ ኖረ።

«የእማዬ ቀብር ላይም እንደዚያ ነበር?»

ትዊላ ናት። የራስ ቁሯን በክንዷ አቅፋ ከጎማዎቹ ክምር አጠገብ ቆማለች። አባቷን ፍለጋ መጥታ መርል ከተናገረው አብዛኛውን ሰምታለች። ፊቷ ነጥቷል።

«አላወቅኩም ልጄ» አለ ላማር። «በእግዜር እልሻለሁ፣ አላወቅኩም። ሌላ ሰው ሆንኩ ብዬ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ብቻዬን ወጥ ቤት ገብቼ ሞከርኩ። ፎቶዋን አየሁ። የሠርግ ቀሚሷን አወጣሁ። ሽንኩርት ሁሉ ከተፍኩ።»

«ሽንኩርት?»

«አንድ ሙሉ ሳህን።»

«እሺ፣ ሽንኩርቱስ?»

«ምንም። የዘንድሮ ሽንኩርት ውሃ ነው አልኩ።»

መርል ኬኩ ትን ብሎት ዞር አለ። ትዊላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተሰበረና በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ተቀይሜህ ነበር። ለእሷ ያላለቀሰ ሰው ለኔም አያለቅስም፤ ብሞት በማግስቱ ሌላ ነጂ ይፈልጋል እያልኩ። ለዚህ ነበር የምሄደው። ሚኒሞው ሰበብ ነው።»

«ሌላ ነጂ ከየት አመጣለሁ» አለ ላማር። ከዚያ ያለ ቀልድ፣ «እናትሽን ወድጃት ነበር። አንቺንም እወድሻለሁ። እንባው መውጫ አጥቶ ነው» አለ።

ከእሱ አፍ ይህን ያህል ወጥቶ አያውቅም። መርል ደግሞ ከደግነቱ የተነሳ ኬኩን እንደ አዲስ ነገር ይመረምር ነበር።

«ጋሽ መርል» አለች በመጨረሻ፣ «መልሴን ከውድድሩ በኋላ ነው ያልኩዎት፤ ቃሌ ቃል ነው። አባዬ፣ ተነስ። ሞተሩን አስነሳ።»

በፒክአፕ ገፍተው አስነሱት። በዚህኛው ጊዜ ከጭስ ማውጫው ጀርባ የቆመችው ትዊላ ነበረች፤ ላማር ዘንጓ ላይ መፍቻ ይዞ ጎንበስ ብሏል። ወዲያው እንባዋ ወረደ፤ ዘለላ ሳይሆን ወራጅ።

«ቀንስ!» ስትለው አንድ ጎን ቀነሰ። «ቀንስ!» ቀነሰ። ቀዩ ምልክት ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከዚያ በታች ወርዶ አያውቅም፤ አባቱም አልወረደም።

«ደረስን አይደል?» አለ።

«አልደረስንም። ያቃጥላል።»

«ቆዳሽ ስስ ሆኖ እንዳይሆን።»

«አባዬ፣ ቀንስ ብያለሁ።»

አንድ ጎን። ሌላ አንድ ጎን። ሞተሩ ማጉረምረሙን ትቶ ዱክ ዱክ ማለት ጀመረ፣ እኩል፣ ንጹሕ። ትዊላ ዓይኗን ጠርጋ አውራ ጣቷን አነሳች። ላማር ዘንጓን አየ። ከቀዩ ሁለት ጎን በታች። ጠዋት ከአፉ የወጣችው ውሸት፣ ቁጭ ብላ ሞተሩን በሥርዓት ታሠራዋለች። ኢርቪን መጥቶ አየና «አላልኩህም? ሁለት ጎን!» ብሎ ጀርባውን መታው። ላማር መፍቻውን ኪሱ ከተተ።

ዋናው ውድድር የተጀመረው ፀሐይ ከበጎቹ ጋጣ በላይ ዝቅ ስትል ነው። ትዊላ ከመጨረሻ ተነሳች። አንዱን በውስጥ፣ አንዱን በውጭ እያለፈች መሀል ስትደርስ ቢጫ ባንዲራ ወጣ። ላማር ዓይኑን ጨፈነ፤ ዓይኑ ስለማይረባው በጆሮው ሊሰማ። መኪኖቹ ቀስ ብለው አለፉ። ከመሀላቸው የእሱን ሞተር ለየው። አላሳለም። ሁለተኛ ቢጫ ወጣ፤ አሁንም አላሳለም። ሦስተኛው ሲወጣ ላማር ዓይኑን ከፍቶ ያይ ነበር። ባንዲራው አረንጓዴ በሆነ ቁጥር ትዊላ እግሯን ስትጥል መኪናዋ ከሌሎቹ ቀድማ ትነሳለች። በመጨረሻው ዙር ከድዋይት ኋላ ነበረች፤ ጎኑ ገባች፣ አልደረሰችበትም፤ ሁለተኛ ሆና ጨረሰች። መርል አሸነፈ፣ በላማር ውሸት።

መርል ዋንጫውን ለድዋይት ሰጥቶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። ትዊላ ከመኪናዋ ወርዳ ውሃ እየጠጣች ነው። ላማር ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ምንም ያልሆነ ቡሎን ያጠብቅ ነበር። ቡሎኑ ከዚያ በላይ አይጠብቅም፤ ቀና ማለት ግን ፈራ።

«እሺ ልጄ» አለ መርል፣ «ዛሬ ያሳየሽውን ሁሉም አይቷል። አሁን የፈለግሽው መኪና ላይ መቀመጥ ትችያለሽ። መኪናዬ ትጠብቅሻለች። ምን ትያለሽ?»

«አመሰግናለሁ ጋሽ መርል። የእርስዎ መኪና ጥሩ ናት።»

የላማር መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

«ግን አልመጣም» አለች ትዊላ። «እዚህ ቤት የሚያለቅስ አንድ ሰው ያስፈልጋል። እሱ አይችልም።»

ላማር መፍቻውን ለማንሳት ጎንበስ አለና እዚያው ቆየ፤ ሰው መፍቻ ለማንሳት ከሚፈጅበት ጊዜ በላይ። ዓይኑ እንደ ልማዱ ደረቅ ነበር፤ አገጩ ግን መንቀጥቀጡን ሊያቆም አልቻለም። መርል አየውና ኮፍያውን ደፍቶ ለሁሉም ኬክ ሊገዛ ሄደ።